የቀረጽሽውን መጀመሪያ ለመንደሩ አሰሚ

እህቴ፣ «ሲዳማ ውስጥ ሁላ ወረዳ ያለው የአባቴ መንደር ሽማግሌዎች እያለፉብን ነው፤ የሚያውቁትን እንዴት ላስቀምጥ? ለሌላውስ እንዴት ላካፍል?» ያልሽውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ከሐዋሳ እየተመላለስኩ በእናቴ መንደር ይህንኑ እየሠራሁ ነው።

ከትልቁ ነገር አትጀምሪ። የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላን፣ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል፤ ሐዋሳ ባለው የበዓሉ ሜዳ፣ ጉዱማሌ ላይ ሲከበርም ካሜራ አያጣም። የአባትሽ መንደር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚያወሩትን ግን ካንቺ ሌላ የሚቀርጽ የለም። እኔ የጀመርኩት ከአክስቴ ጓሮ ነው። «ይቺስ ማን ትባላለች?» እያልኩ እንሰቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ጋንቲቻ፣ አዶ፣ ሚዳሾ... ለእኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። እሷ ግን የቷን አማቷ እንደሰጠቻት፣ የቷን ልጇን በወለደች ዓመት እንደተከለች ነገረችኝ። ጓሮ ላይ ገብቼ የቤተሰቡን ታሪክ ይዤ ወጣሁ።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ አባት የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ቀርጬ በዚያው ምሽት ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ለካ አንድ ቤት ዘለዋል። የተዘለለው ቤተሰብ ክፉኛ አዘነ። እሳቸውም «ልጄ፣ እኔ የነገርኩት ላንተ ነበር» አሉኝ። እስካሁን ይከነክነኛል። አጠፋሁት፣ ሄጄም ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከዚያ ወዲህ የቀረጽኩትን መጀመሪያ እዚያው አሰማለሁ። ቡና ሲፈላ ስፒከር ይዤ እቀመጣለሁ። ያኔ ነው ወሬው የሚደራው። አንዱ «አይ፣ እንዲህ አልነበረም» ይላል፤ ሌላዋ የተረሳ ስንኝ ትጨምራለች። እሱንም እቀርጻለሁ። የቱ ይውጣ፣ የቱ እዚያው ይቅር የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳምኛ፣ የሚሉትንም መሃል ላይ አታስተርጉሚ፤ ይጨርሱ።

ፋይሉ ስልክሽ ላይ ብቻ አይቀመጥ። የእኔ ስልክ መናኸሪያ ላይ ተሰርቆ የሁለት ሳምንት ሥራ ሄዷል። አሁን አንድ ፍላሽ ቤቴ፣ አንድ ፍላሽ መንደሩ ውስጥ ካለ አስተማሪ ዘንድ አለ። ማን እንደተናገረ፣ የት፣ መቼ የሚለውን በዕለቱ ጻፊ።

የቀርከሃ ቤት የሚሠሩ አባቶች ካሉ ግን እነሱን አስቀድሚ። ቆርቆሮ እየተካው ነው፤ ቀርከሃው ከሚሰነጠቅበት ጀምሮ አንድ ቤት ሙሉ ቅረጪ።

ለፊቼ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን ቀድመሽ ግቢ። ቡሪሳሜው፣ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራው የበዓሉ ምግብ፣ ሲሰናዳ ከእናቶች ጋር ተቀመጪ፤ እኔ ብዙውን የሰማሁት እዚያ ነው።