ጭራቁ ሳይመጣ የተገባ ዕዳ

የተከበራችሁ ወጣት የፊልም ጸሐፊዎች፣

የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍኩት የሌሎችን ስክሪፕት በማንበብና በማረም ነው። ከአደጋ ለመትረፍ የሚታገሉ ሰዎችን የሚተርክ አስፈሪ ድራማ ለመጻፍ የምትነሡ ብዙዎቻችሁ ጽሑፋችሁን የምትጀምሩት ከጭራቁ ነው፤ መልኩን፣ መነሻውንና መሞቻውን በበርካታ ገጾች ከዘረዘራችሁ በኋላ፣ ሰዎቹን ግን «አባት፣ ደፋር፣ ቤተሰቡን ወዳድ» ብላችሁ በአንድ መስመር ታልፏቸዋላችሁ። እንዲህ የተሳለ ሰው ሲሞት ተመልካቹ ይደነግጣል እንጂ አያዝንም። ማስደንገጥ ደግሞ ቀላል ነው፤ ከጸጥታ በኋላ ድንገት የሚጮህ ድምፅ ይበቃዋል።

የምመክራችሁ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት በሰዎቹ መካከል ያልተከፈለ ዕዳ እንድታኖሩ ነው፤ ያልተጠየቀ ይቅርታ፣ የታጠፈ ቃል፣ ወይም አፍ አውጥተው ያልተነጋገሩበት ቂም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭራቅ ሥራው ዕዳውን የሚከፍሉበትን ጊዜ ማሳጠር ነው።

የደቡብ ኮሪያው ዳይሬክተር ዮን ሳንግ ሆ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ያወጣውን «ትሬን ቱ ቡሳን» የተባለውን የዞምቢ (ሰውን እየነከሰ ወደ ራሱ ዓይነት የሚለውጥ ሕያው ሬሳ) ፊልም ተመልከቱ። ከትዳሩ የተለየውና በሥራ የተጠመደው አባት ለልጁ የልደት ስጦታ የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ይዞላት ይመጣል፤ ልጅቱ ግን ቀድሞ ራሱ የሰጣት ያው መጫወቻ አላት። በትምህርት ቤቷ ዝግጅት ላይም መዝሙሯን ጀምራ አቋርጣዋለች፤ ምክንያቱም የተለማመደችው ለእሱ ነበር፣ እሱ ደግሞ አልተገኘም። ገና አንድም ዞምቢ ሳናይ አባትየው ባለዕዳ ሆኗል። በፊልሙ መጨረሻ፣ አባቷን ካጣች በኋላ፣ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ጋር በጨለማ ዋሻ ውስጥ ስትሄድ ያቋረጠችውን መዝሙር እያለቀሰች ትዘምረዋለች፤ በሕይወት ያሉ ሰዎች ይሁኑ ወይም የተለከፉ መለየት ያቃታቸው ወታደሮች ድምፅዋን ሰምተው መሣሪያቸውን ያወርዳሉ። ተመልካቹን የሚያስለቅሰው መትረፏ ብቻ አይመስለኝም፤ መዝሙሩ በመጨረሻ መዘመሩና መስማት የነበረበት ሰው አለመኖሩ ነው።

በዚህ ስልት ከሁሉ ይበልጥ የተሳካለት ግን በእኔ ሚዛን የጆን ክራሲንስኪ «ኤ ኳየት ፕሌስ» (2018) ነው። ማየት የማይችሉት ገዳይ ፍጡራን ሰውን የሚያጠቁት ድምፅን ተከትለው ስለሆነ ቤተሰቡ የሚግባባው በምልክት ቋንቋ ነው። መስማት የተሳናት ትልቋ ልጅ (ተዋናይቷም በእውን መስማት የተሳናት ናት) ለታናሽ ወንድሟ ባትሪው የወጣለትን መጫወቻ በድብቅ ትመልስለታለች፤ ሕፃኑ ባትሪውንም ያነሣና መጫወቻው በጮኸ ጊዜ ይገደላል። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ አባቴ በእኔ ያዝንብኛል፣ አይወደኝም ብላ ታምናለች። አባትየው ስለዚህ ነገር ምንም ሳይናገር፣ ሌት ተቀን የመስሚያ መሣሪያዋን ይሠራል፤ ይሠራል፣ አይሳካም፣ እንደገና ይሠራል። ኋላ ፍጡራኑን የሚያሸንፈው ከዚያው መሣሪያ የሚወጣው ድምፅ ነው። የፍቅሩ መግለጫና የመትረፊያው መንገድ በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ ስለተገናኙ፣ ታሪኩን ሳታፈርሱ አንዱን ከሌላው መነጠል አትችሉም።

ሁለተኛው ነገር ክርክር ነው። ተሳስቷል የምትሉት ሰው የራሱ ምክንያት ይኑረው፤ ጅል ስለሆነ ብቻ በር የሚከፍት ገጸ ባሕርይ ተመልካቹን ያበሳጫል እንጂ አያሳስበውም። በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ በሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ በተነሡ ሙታን ተከብበው በአንድ የገጠር ቤት የተዘጉ ሰዎች ከመሬት በታች ባለው ምድር ቤት ጉዳይ ይጣላሉ። ቤን መውጫ ያለው ላይኛው ክፍል ይሻላል ሲል፣ ሃሪ ምድር ቤት ገብተን በሩን እንቆልፍ ይላል። ሃሪ ፈሪና ግትር ነው፤ ነገር ግን የተነከሰች ልጁ እዚያው ታች ተኝታለች። በስተመጨረሻ ቤን ብቻውን ሌሊቱን የሚያሳልፈው ያንኑ እምቢ ያለውን ምድር ቤት ቆልፎ ነው። ጸሐፊዎቹ ለማንም አላደሉም፤ ክርክሩ ከፊልሙ በኋላም የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞትን በተመለከተ ቁጥብ ሁኑ። በተለይ ተከታታይ ድራማ ስትጽፉ፣ በየክፍሉ ሰው ከሞተ ተመልካቹ ራሱን ከሐዘን ለመጠበቅ ማንንም አለመውደድ ይለምዳል። ስክሪፕት ሳርም ከእያንዳንዱ ሟች ጎን «ይህ ሰው ባይኖር ማን ምን ይጎድልበታል?» ብዬ እጽፋለሁ፤ መልስ ያጣሁለትን ሞት እንዲወጣ እጠይቃለሁ። መልስ ካለው ደግሞ ጉድለቱ በሚቀጥሉት ትዕይንቶች ይታይ፤ የሟቹን ሥራ አሁን ማን እንደሚሠራው፣ ስሙን ማን መጥራት እንደተወ አሳዩን።

መራራ ፍጻሜን አልቃወምም። በሮሜሮ ፊልም ቤን ሌሊቱን ከተረፈ በኋላ ጠዋት የታጠቁ ሰዎች ዞምቢ መስሏቸው ተኩሰው ይገድሉታል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከባዶ ሜዳ አልመጡም። የሸሪፉ (የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ) ቡድን የተነሡትን ሙታን እንዴት እየገደለ እንደሆነ በቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች በቴሌቪዥን አይተዋል፤ ተስፋቸውንም የጣሉት በእርዳታ መምጣት ላይ ነበር። ተመልካቹን ለማስደንገጥ ሲባል ብቻ በመጨረሻው ገጽ ላይ የተለጠፈ ሞት ሲደርሰኝ ግን በቀይ ሰርዤ እመልሰዋለሁ።