መልስ፦ ጾሙ ቢፈታም ታናሽ እህቴ አትበላም

እህቴ፣ የሁዳዴ 55 ቀን ካለቀ በኋላም ታናሽሽ «ጾመኛ ነኝ» እያለች ከገበታ እንደምትሸሽ፣ የወር አበባዋም እንደቀረ ጽፈሻል። ይህ ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም ይመስላል እንጂ ጾምም እልህም አይደለም።

እኔም እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ሳለሁ የእናቴን ጉርሻ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ እደብቅ ነበር። የተያዝኩት የሽሮው ዘይት ነጠላው ላይ ታትሞ ነው። እናቴ አልተቆጣችም፤ አጠበችውና ማታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አፌን ያስከፈተኝ ያ ነው።

ስለዚህ ስለ ክብደቷ አታንሺባት፤ «ከሳሽ» ስትያት ምስጋና ይመስላታል። ብዙ እንድትበላም አታስገድጃት። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው የፎስፌትና የፖታሲየም ማዕድን መጠን ይወርድና ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ አመጋገቡ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚስተካከለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ አብረሻት ሂጂ። ራሷን ከሳተች ወይም የልብ ምቷ ከተዛባ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል አድርሻት።

የንስሐ አባታችሁንም አነጋግሩ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስገድድም፤ ታናሽሽ ይህን ከእርሳቸው አፍ ትስማው።