ፕሪንትኬ ሲገባ የሚጠፋው ክራሽ

ጥያቄህን ላሳጥረው። ለሊኑክስ የጻፍከው የዩኤስቢ ድራይቨር መሣሪያው ሲነቀል አንዳንዴ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ይጥለዋል። ፕሪንትኬ (መልእክት የሚያትም መስመር) ጨምረህ ልታየው ስትል ደግሞ ክራሹ ድራሹ ይጠፋል። «ሃርድዌሩ ይሆን? እንዲህ አልፎ አልፎ ከሆነስ ምን ያስጨንቃል?» ብለሃል።

ሃርድዌሩ አይመስለኝም። ፕሪንትኬ ሲገባ የሚጠፋ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ሬስ ኮንዲሽን ነው፤ ሁለት ሥራዎች አንድ ነገር ላይ ይሽቀዳደማሉ፣ ውጤቱ በቀደመው ይወሰናል። ያቺ መስመር ትንሽ ጊዜ ትወስዳለች፣ ሁለቱ ሲፒዩዎች የሚጋጩበት ቅጽበት ይዛነፋል፣ በቃ። ችግሩ ተደበቀ እንጂ የትም አልሄደም። «እንግዲያው ፕሪንትኬዋ እዚያው ትቀመጥ» ብለው የሚገላገሉ አሉ። እንዳታደርጋት።

የለጠፍከውን የዲስኮኔክት ኮድ (መሣሪያው ሲነቀል የሚሮጠውን) አየሁት። ታይመሩን በዴል ታይመር ታቆምና ወዲያው ስትራክቱን (የመሣሪያውን መረጃ የያዘውን የሚሞሪ ቁራጭ) ኬፍሪ በሚባለው የሚሞሪ መልቀቂያ ትለቃለህ። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ዴል ታይመር ገና ተራ የሚጠብቀውን ታይመር ከሰልፍ ያወጣል እንጂ ሌላ ሲፒዩ ላይ መሮጥ የጀመረውን ኮልባክ (ሰዓቱ ሲደርስ ታይመሩ የሚጠራውን ፈንክሽን) አይጠብቅም። አንተ ሚሞሪውን ለቀሃል፣ ኮልባኩ ግን አሁንም እዚያው ላይ ይጽፋል። ዩዝ አፍተር ፍሪ የሚሉት ይኸው ነው። ቦታው በመሃል ለሌላ ኮድ ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ክራሹ የሚወጣው ምንም የማያገባው ፋይል ሲስተም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ኮድ ስትመረምር ትከርማለህ።

ዴል ታይመር ሲንክ ኮልባኩ እስኪያልቅ ይጠብቃል (በአዳዲሶቹ ከርነሎች ስሙ ታይመር ዲሊት ሲንክ ነው)። ላንተ ግን እሱም አይበቃም። ታይመርህ ወርክ (ለኋላ የተቀጠረ ሥራ) ያስነሳል፣ ወርኩ መልሶ ታይመሩን ይሞላዋል። አንዱን ስትገድል ሌላው ያስነሳዋል። ለዚህ ለዚህ ነው ከርነል 6.2 ላይ ታይመር ሻትዳውን ሲንክ የመጣው። እሱን ከጠራህ በኋላ ታይመሩ እንደገና ቢሞላም አይነሳም። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ወርኩን የሚሰርዘውን ካንስል ወርክ ሲንክ፣ ከዚያ ብቻ ኬፍሪ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ኮልባኩ የሚይዘውን ሎክ (ሌላው እንዳይገባ የሚያግድ ቁልፍ) ይዘህ እነዚህን ብትጠራ ሁለቱም እየተጠባበቁ ዴድሎክ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ የተከፈተው ፋይል ነው። መሣሪያው ተነቅሎም ፕሮግራሙ ፋይሉን እንደያዘ ነው፤ ሪድ ሲል የተለቀቀ ስትራክት ይነካል። መድኃኒቱ ኬሬፍ (የተጠቃሚዎች ቆጣሪ) ነው፤ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲለቅ ብቻ ይፈታል። ግን ከሊስት ፈልገህ ስታገኘው ኬሬፍ ጌት የምትለው (ቆጣሪውን የምትጨምረው) ከሊስቱ የሚያወጣው ኮድ በሚይዘው በዚያው ሎክ ውስጥ ሆነህ መሆን አለበት። አለዚያ ቆጣሪው ራሱ ያለበት ሚሞሪ ተለቆ ሊጠብቅህ ይችላል። ከርነሉ ውስጥ ዩኤስቢ ስኬልተን የሚባል የናሙና ድራይቨር አለ፣ እሱን እይ።

ለማደን ካሳንን (የሚሞሪ ስህተት የሚይዝ የከርነሉ መሣሪያ) አብራ፤ ከርነል 4.0 ጀምሮ አለ። ሪፖርቱ ማን እንደነካው፣ ማን እንዳስመደበው፣ ማን እንደለቀቀው ሦስቱንም ይነግርሃል። እኔ ሁሌ የማነበው ከመጨረሻው ነው። ካሳን ግን ግጭቱ እውነት ካልተከሰተ አያይም። ኮልባኩ ውስጥ ኤምዲሌይ (ሳይተኛ የሚያዘገይ ፈንክሽን) አስገብተህ ቀዳዳውን አስፋው። ኤምስሊፕ አይሆንም፣ የታይመር ኮልባክ መተኛት አይችልም። ከዚያ ንቀል ሰካ፣ ንቀል ሰካ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከከርነል 5.8 ጋር የመጣው ኬሲሳን ደግሞ የዳታ ሬስን (ያለ ሎክ አንድ ዳታ ላይ መጋጨትን) ለይቶ ያድናል፤ ከካሳን ጋር አብሮ ስለማይበራ ሁለት ከርነል መገንባትህ ነው።

«ምን ያስጨንቃል» ላልከው ደግሞ ደርቲ ካው የሚባለውን የሊኑክስ የደህንነት ቀዳዳ ተመልከት። ዩዝ አፍተር ፍሪ ባይሆንም የሚሞሪ ሬስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ከርነል 2.6.22 ጀምሮ ተቀምጦ በ2016 ነው የተዘጋው። አንድ ትሬድ ማንበብ ብቻ የተፈቀደ ፋይል ላይ በፕሮክ ሰልፍ ሜም (የፕሮግራሙን ሚሞሪ እንደ ፋይል በሚያሳየው) በኩል ይጽፋል፣ ሌላው ኤምአድቫይዝ እያለ የሚሞሪ ገጹን ያስጥላል። በሉፕ እስኪገጥም መሞከር ነው። ተራ ተጠቃሚ ሩት (ሁሉን የሚችል አስተዳዳሪ) ይሆናል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ከዓመታት በፊት ሊያስተካክለው ሞክሮ እንደነበር፣ ያኔ በወረቀት ብቻ የነበረው ሬስ በኋላ ለማስነሳት እንደቀለለ ማስተካከያው ላይ ጽፏል። ላንተ በወር አንዴ የሚገጥም ነገር ሆን ብሎ ለሚሞክር ሰው የደቂቃዎች ሥራ ሊሆን ይችላል።

የካሳን ሪፖርቱ ሲወጣልህ «ፍሪድ ባይ» (ማን እንደለቀቀው) የሚለውን ክፍል ሳትቆርጥ እዚሁ ለጥፈው። የሪድ ፈንክሽንህንም ጨምር፣ እሱን እስካሁን አላሳየኸንም።