«ታሪክ ተምረሽ ምን ልትበይ ነው?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ፍሬሽማን ጨርሼ ዲፓርትመንት ልመርጥ ነው። ልቤ ያለው ታሪክና ጋዜጠኝነት ላይ ነው፤ የሰውን ኑሮ በረጅሙ መጻፍ እፈልጋለሁ። መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ያለው አባቴ ግን «ታሪክ ተምረሽ ምን ልትበይ ነው? አካውንቲንግ ግቢ» ይለኛል። ጓደኞቼም በቲክቶክ ዘመን ረጅም ጽሑፍ ማን ያነባል ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ላይ አትፍረጂ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት መመሪያው ከ100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚል ነበር። 30ው ውስጥ መግባት እንደ ሽንፈት ተወራ። ያ ወሬ እስከ ሱቁ ድረስ ደርሷል።

እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ጀማሪ ሪፖርተር ሳለሁ የዓሣ ዋጋ ጨምሯልና ጻፊ ተብዬ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ተላኩ። ሁለት ነጋዴ አነጋገርኩ። «ነዳጅ ስለተወደደ ነው» አሉኝ። 12 መስመር ጻፍኩ፣ ታተመ። ውሸት አልነበረበትም። ግን አንጀቴን አላራሰውም።

በራሴ ጊዜ ተመለስኩ። ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ አጥማጅ አጠገብ እየሄድኩ መቀመጥ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት። መጀመሪያ ሰሞን የሚያወሩኝ ስለ ዋጋ ብቻ ነበር፤ የለመዱት ጥያቄ እሱ ነዋ። በሁለተኛው ሳምንት መረባቸውን ሲጠግኑ እጄን ያዙና ሁለት ጣቴን በመረቡ ዓይን አስገቡ። ከዚያ በላይ አልገባም። «ድሮ አራቱም ይገባ ነበር» አሉኝ። የመረቡ ዓይን ሲጠብ ገና እንቁላል ያልጣለ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይያዛል። እሱ ሲያዝ የከርሞው ዓሣ ይሳሳል። ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ያንኑ መረብ ግን ማታ መልሰው ይጥላሉ፤ ሰፊውን የጣለ ባዶ ጀልባ ይዞ ይገባላ። 12 መስመር ውስጥ ይህ የት ይገባል?

ሰውየውን ለመስማት የረዳኝ የክፍል ትምህርቴ ነው። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ እንደሌለው የተማርኩት ጂኦግራፊ ላይ ነው። ታሪክ «ከዚህ በፊትስ እንዴት ነበር?» ብዬ መጠየቅ አስለመደኝ። የነጋዴዎቹ መልስ ግማሽ መሆኑን እንድጠረጥር ያደረገኝ ሎጂክ ነው። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሲመለስ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። ኢንጂነር የሚሆነውም ልጅ ሎጂክና አንትሮፖሎጂ ቀምሶ ያልፋል።

ማን ያነባል ላልሽው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1946 ኒው ዮርከር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አንድ ሙሉ እትም ለአንድ ጽሑፍ ሰጠ። ጸሐፊው ጆን ኸርሲ ነው። የሂሮሺማን ቦምብ ኃይል ጋዜጦች ዓመት ሙሉ ዘግበውታል። እሱ ግን ከቦምቡ የተረፉ ስድስት ሰዎችን ተከተለ። ከእነሱ አንዷ የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ቦምቡ ሲፈነዳ አጠገቧ ያለችውን ልጅ ልታናግር አንገቷን ዞር አድርጋ ነበር። ያቺን ዞር ማለት ያነበበ ሰው የሟቾቹን ቁጥር እንደ ቁጥር ማየት ይቸግረዋል። እትሙ ወዲያው አለቀ።

ገንዘቡን አልደብቅሽም። ደሞዙ ትንሽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የቤት ኪራይ ከእህቴ ጋር እየተጋራሁ ነው ያለፍኩት። ስለዚህ ከአካውንቲንግም አንድ ሁለት ኮርስ ውሰጂ፤ አባትሽን ለማስደሰት ብቻ አይደለም። የከተማ በጀት አንብቦ የሚገባው ጸሐፊ ብርቅ ነው።

ዛሬ ማታ አባትሽ ሱቁን ሲዘጋ አጠገቡ ቁጭ በይ። ሱቁን የከፈተበትን ቀን ጠይቂው። ማን አበደረው? መጀመሪያ የሸጠው ዕቃ ምን ነበር? አታቋርጪው። ጽፈሽ መልሰሽ አንብቢለት። ከዚያ ለእኔም ላኪልኝ፤ ርዝመቱ አያስጨንቅሽ።