«ለማንም አልተናገርኩም» ላላችሁኝ የወሎ እህቶች

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱኝ ጥያቄዎች በብዛት የሴት ብልትና የማህፀን በር ካንሰርን ይመለከታሉ። ግማሾቹ የሚጀምሩት «ለማንም አልተናገርኩም» በሚል ነው። ያማል። ዛሬ ሳንሸፋፍን እንነጋገር።

«እናቴ 60 ዓመት አልፏታል። ብልቷ አካባቢ ለዓመታት ያሳክካታል፣ ቆዳውም ነጭ ሆኗል። ጠበል ተጠመቀች፣ የፈንገስ ቅባትም ገዛንላት። አሁን የማይድን ትንሽ ቁስል ወጣባት። ለሐኪም ማሳየት ግን አፈረች።» (ከሐይቅ)

እህቴ፣ ይሄ ይደር የሚባል ነገር አይደለም። በዚያ ቦታ የወጣ ቁስል ወይም እብጠት አልድን ካለ ናሙና መወሰድ አለበት። ባዮፕሲ የሚሉት እሱን ነው። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፣ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ያልቃል። ናሙናው ሳይታይ ቅባት በቅባት ላይ መደራረብ ጊዜ ማቃጠል ነው።

ለዓመታት የሚያሳክክ ነጭ ቆዳ ብዙ ጊዜ ላይከን ስክሌሮሰስ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው። አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። ሳይታከም ሲቆይ ግን በጥቂት ሴቶች ላይ ወደ ካንሰር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ይህ ሕመም ያለባቸውን ከ500 በላይ ሴቶች ተከታትሏል። ሐኪም ያዘዘላቸውን የስቴሮይድ ቅባት ሳያቋርጡ ከተጠቀሙት መካከል አንዲትም በካንሰር አልተያዘችም። አንዳንዴ እየተውት ከተጠቀሙት 150 ሴቶች ግን 7ቱ ተያዙ። ሴቶቹ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ የመጨረሻ ማስረጃ ነው አልልም። ቢሆንም የእናትሽ ናሙና ንጹሕ ቢሆን እንኳ ክትትሉን እንዳትተዉ የሚያስገድድ ውጤት ነው።

ጠበሉንም ሆነ ዱዓውን ማንም አይከለክላችሁም። ሴት ሐኪም ትየኝ ካለች ጠይቁላት፤ መብቷ ነው። ብቻ በዚህ ሳምንት ውሰጃት።

«በባዮፕሲ የብልት ካንሰር ተገኘብኝ። ዕጢው 2 ሳንቲ ሜትር ነው። የብሽሽትሽ ንፍፊቶች በሙሉ ይወጣሉ፣ እግርሽም ሊያብጥ ይችላል ተባልኩ። የግድ ነው?» (ከደሴ)

የሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። ይህን የቀየረው ደግሞ ምርምር ነው። ድሮ ዕጢውና የሁለቱም ብሽሽት ንፍፊቶች ባንድ ሰፊ ቀዶ ጥገና ይወጡ ነበር። ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ብዙዎችም ከእግር እብጠት ጋር ይኖሩ ነበር። ሐኪሞች ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አነሱ። ከዕጢው የሚነሳው ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደርሰው የትኛው ንፍፊት ጋ ነው? እሱ ንጹሕ ከሆነ ሌሎቹን ለምን እናወጣለን?

ንፍፊቱን በሰማያዊ ቀለምና በትንሽ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይፈልጉታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የወጣው ግሮይንስ-ቪ የተባለ ጥናት ከ4 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ዕጢ ያለባቸውን 403 ሴቶች አካትቷል። ዕጢያቸው አንድ ብቻ ሆኖ የመጀመሪያው ንፍፊት ንጹሕ ከሆነላቸው መካከል ካንሰሩ በብሽሽት የተመለሰባቸው ከ100 ሴቶች ሦስት እንኳ አይሞሉም።

ሁለተኛው የግሮይንስ-ቪ ጥናት ደግሞ የመጀመሪያው ንፍፊት ውስጥ ካንሰር ለተገኘባቸው ሴቶች በቀዶ ጥገና ፈንታ ጨረር ሰጠ። ንፍፊቱ ውስጥ ያለው ካንሰር እስከ 2 ሚሊ ሜትር ለሆነው ጨረሩ በቂ ሆነ። ከዚያ ለሚበልጠው ግን ካንሰሩ አብዝቶ ተመለሰ። ስለዚህ ጥናቱ ሳያልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ እነዚህ ሴቶች ወደ ተለመደው ቀዶ ጥገና እንዲመለሱ ተደረገ።

አንቺ ሐኪምሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «የመጀመሪያውን ንፍፊት ብቻ መመርመር እዚህ ይቻላል? ካልተቻለ የት?» መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ካልተገኘ ግን ሁሉንም ማውጣት ዛሬም ትክክለኛ ሕክምና ነው። እግሬ ያብጣል ብለሽ ሕክምናውን እንዳትተዪ፣ አደራ!

«ባለቤቴ የማህፀን በር ካንሰር አለባት። ጥናት ውስጥ ትግባ ተባልን። መሞከሪያ ሊያደርጓት ነው?» (ከወልድያ)

ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። በካንሰር ጥናት ውስጥ አዲሱ ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚነጻጸረው አሁን ካለው ሕክምና ጋር ነው፤ ወይም በላዩ ላይ ይጨመራል። ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ መታየት አለበት። አዲስ መድኃኒት ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልጋል። ከላይ ለደሴዋ እህታችን የነገርኳት የ2010 ውሳኔም ጥናቱ እየተካሄደ ሳለ ውጤቱን በመከታተል የመጣ ነው።

ከመፈረም በፊት እነዚህን ጠይቁ። በጥናቱ ባትገባ የምታገኘው ሕክምና ምንድን ነው? ጉዳት ቢደርስ ማን ያክማታል? የትራንስፖርቱንስ ማን ይከፍላል? ቅጹ በሚገባት ቋንቋ ይነበብላት። በፈለገች ሰዓት መውጣት ትችላለች፣ የተለመደው ሕክምናዋም አይቋረጥም። ፊርማው ደግሞ የእሷ ነው። አንተ አማክራት፤ አትወስንላት።

«እህቴ ለማህፀን በር ካንሰር የጨረር ወረፋ ላይ ናት። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ቀድሞ ቢሰጥ ይሻላል ሲሉ ሰማሁ።» (ከከሚሴ)

የሰማሽው ኢንተርሌስ የተባለውን ጥናት ይመስለኛል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታተመ። እንግሊዝንና ሕንድን ጨምሮ በአምስት አገሮች 500 ሴቶች ተሳትፈውበታል። ገሚሶቹ ለ6 ሳምንት በየሳምንቱ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ወስደው ወደተለመደው ጨረርና ኬሞ ገቡ። ከ5 ዓመት በኋላ ከእነዚህ 80 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ በቀጥታ ጨረርና ኬሞ ከጀመሩት ደግሞ 72 በመቶው። መድኃኒቶቹ የቆዩና የታወቁ ናቸው። እንደኛ ላለ አገር ትልቅ ተስፋ የማየው ለዚህ ነው።

ነገር ግን በጥናቱ ጨረሩ የጀመረው የ6 ሳምንቱ ኬሞ እንዳለቀ ወዲያው፣ ኬሞው ከተጀመረ በሰባተኛው ሳምንት ነው። ኬሞው የወረፋ ማሳለፊያ አልነበረም። ኬሞ ጨርሳ ለወራት ጨረር የምትጠብቅ ሴት ያንን ጥቅም አገኛለሁ ብላ እንዳትተማመን። የካንሰር ሐኪሟን መጀመሪያ የጨረሩን ቀን ጠይቁ። ጨረሩ አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ ሩቅ ነው። ጨረሩ ሳምንታት ስለሚወስድ ማረፊያውን ከወዲሁ አስቡበት።

«ልጄ 13 ዓመቷ ነው። የኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ክትባት አንዴ ብቻ ተሰጣት። ሁለተኛው ተረሳ?» (ከኮምቦልቻ)

አልተረሳም። ኬንያ ውስጥ ከ2,000 በላይ ወጣት ሴቶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አንድ ዶዝ ዋናዎቹን ሁለት የቫይረሱ ዓይነቶች 97.5 በመቶ እንደሚከላከል አሳይቷል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅዎ ዕድሜ አንድ ዶዝ በቂ ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ። ኤችአይቪ በደሟ ላለ ልጅ ግን ተጨማሪ ዶዝ ያስፈልጋል። እርስዎም ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ያድርጉ። ኤችአይቪ በደምዎ ካለ ከ25 ዓመት ጀምሮ ነው።