«ጉዳዬ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ጭቅጨቃ አይደለም

እህቴ፣ «የበደለኝ ሰው ከተከሰሰ ሰባት ወር ሆነው፤ የሚነግረኝ የለም። ደጋግሜ ብጠይቅ ጨቅጫቃ እባላለሁ?» ብለሻል። ጠይቂ። እኔ ባለመጠየቄ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የደበደበኝ ሰው ታስሯል ብዬ ተረጋግቼ ነበር። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁት። የቤቴ ቁልፍ ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ለማንሳት እንኳ ፈራሁ፤ ዓይኔን ከሱ መንቀል አልቻልኩም። በማግስቱ ስጠይቅ በዋስ ከወጣ አስራ አንድ ቀን ሆኖታል። ዋስትና መብቱ ነው፣ በሱ ቅር አላለኝም። ግን አንድ ሰው ደውሎ ቢነግረኝ ኖሮ ወንድሜ ጋ እሰነብት ነበር።

ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት አንዲት ወጣት ደፍሯታል ተብሎ የታሰረው ሰው በዋስ መውጣቱን ሳትሰማ በእሱ እጅ ተገደለች። በዓመቱ እስረኛ ሲለቀቅ ለተበዳዩ ስልክ የሚደውል ሥርዓት እዚያው ተጀመረ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1985 ባጸደቀው መግለጫ ተበዳይ የጉዳዩ ሂደትና ውጤት እንዲነገረው ይላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2012 መመሪያ ደግሞ ክሱ ቢቀር እንኳ ምክንያቱ ጭምር ይነገረው ይላል፤ ግን ተበዳዩ ከጠየቀ ነው። ይቺን «ከጠየቀ» የምትል ቃል ልብ በያት። ብዙ ቦታ ዝም ያለ ሰው ማወቅ እንደማይፈልግ ይቆጠራል።

ስለዚህ የመዝገብ ቁጥርሽን ያዢ። ጉዳዩን የያዘውን ዐቃቤ ሕግ ስም እወቂ፤ ሰው ከተቀየረ አዲሱ ማን እንደሆነ ጠይቂ። ከዋስትና፣ ከቀጠሮና ከፍርድ በፊትም በኋላም እንዲነገርሽ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ኮፒውንም አስቀሪ። ስልክሽን ከቀየርሽ አስመዝግቢ። እኔ ትንሽ ደብተር ነበረኝ፦ ቀን፣ ያነጋገረኝ ሰው፣ ያለኝ ነገር። «ባለፈው እንዲህ ብለውኝ ነበር» ስል አነጋገራቸው ይለወጥ ነበር።

በኋላ የደረሰችኝ ዐቃቤ ሕግ በየሦስት ሳምንቱ ትደውል ነበር። ብዙውን ጊዜ የምትለኝ «አዲስ ነገር የለም፣ ምስክር ስላልቀረበ ተራዝሟል» ብቻ ነው። ያን ቀን ግን እንቅልፍ እተኛ ነበር።

ነገ ስትደውዪ ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ጠይቂ፦ ሰውዬው አሁን የት ነው ያለው?