«ስሜን አልረሳሁትም፣ ልጄ»

ጤና ይስጥልኝ፣

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬን እችላለሁ፤ ከሰው ጋር መግባባት ግን አልሆነልኝም። ምሳ ሰዓት ሁሉም ተያይዘው ሲወጡ «ነይ» የሚለኝ የለም። ስለዚህ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መንገድ ላይ ከሚሸጡት አሮጌ መጻሕፍት መካከል የአሜሪካዊውን ጸሐፊ የዴል ካርኒጊን ገዛሁ፤ ያን ወዳጅ ስለማፍራት የጻፈውን።

ፈገግ በሉ ይላል፤ ፈገግ አልኩ። አድንቁ ይላል፤ ጠዋት ጠዋት የሁሉንም አለባበስ ማድነቅ ያዝኩ። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ልጅ አሁን «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?» ትለኛለች። ሰውን በስሙ ጥሩ ስለሚል፣ በዕድሜ የገፉትን የመጋዘን ኃላፊ በስማቸው ደጋግሜ ጠራኋቸው። «ስሜን አልረሳሁትም፣ ልጄ» አሉኝና ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

የባሰው ደግሞ «አትንቀፉ» የሚለው ነው። ያቺው ልጅ የማስረከቢያ ሰነድ እየተሳሳተች ታመጣለች፤ እኔ ዝም ብዬ አምሽቼ አስተካክላለሁ። አንዳንዴ ሁሉንም የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልዘረግፈው ያምረኛል። መጽሐፉ የሚሠራው ለፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ?

ፈገግታ የሰለቸኝ፣ ከሜክሲኮ

*

ውድ እህቴ፣

መጽሐፉ የፈረንጅ መሆኑስ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ የታተመው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ካርኒጊ ከ1912 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ እኛ ወወክማ በምንለው ማኅበር፣ ለአዋቂዎች ንግግር ያስተምር ነበር። (የአራት ኪሎውን ወወክማ የምታስታውሱ አትጠፉም።) መጽሐፉ የወጣው ከዚያ የማታ ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ የተማሩትን በሥራ ቦታቸው ይሞክሩና ተመልሰው የሆነውን ለክፍሉ ይናገሩ ነበር። አንቺ ግን ሁሉንም ባንዴ ቢሮው ላይ አፈሰስሽው። ሰዎቹ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም።

ካርኒጊ ሽንገላን አጥብቆ ይቃወማል። አድንቁ ሲል ከልብ የሆነውን ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ለሁሉም የሚታደል አድናቆት እንደ ታክሲ ረዳት ጥሪ ነው፤ ሁሉም ይሰማዋል፣ ለእኔ ነው የሚል ግን የለም። ያቺ ልጅ አንድ የተቆጣ ደንበኛ አብርዳ ስትመልስ ካየሽ፣ «እንዴት አድርገሽ ነው ያበረድሽው?» በያት። ይሄ ካየሽው ነገር የመጣ ስለሆነ «ምን ፈልገሽ ነው?» አያስብልም።

ፈገግታውን ለጊዜው ተዪው። ካርኒጊ ተማሪዎቹን ለአንድ ሳምንት በየሰዓቱ ለሰው ፈገግ በሉ ይላቸው ነበር። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስም መጥራቱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም። ምክሩ የፈለገው ሰውየው እንደተከበረ እንዲሰማው ነው፤ እዚህ አገር ያንን የሚያደርገው «ጋሼ» ነው። ጋሼ በያቸውና ከቡና ጋር ስለ ሥራቸው ጠይቂያቸው። የትኛው ዕቃ ቶሎ ያልቃል? የትኛው ተበላሽቶ ይመለሳል? ለሽያጭ ሥራሽም ይጠቅምሻል። ከዚያ ስሚ። እሳቸው ሳይጨርሱ የራስሽን ታሪክ አታስገቢ። ከመጽሐፉ አንድ ነገር ብቻ ያዢ ብባል ይህንን ነው የምመርጥልሽ።

ለምሳም ጠሪ አትጠብቂ። «የት ነው የምትበሉት? ልምጣ?» ማለት ነውር የለውም። በያይነቱ አንድ ትሪ ላይ ከቀረበ በኋላ ማንም ሂጂ አይልሽም።

ሰነዱን በተመለከተ ግን መጽሐፉን ያለ ጥፋቱ ነው የወቀስሽው። የሌላ ሰው ሥራ ይዛችሁ አምሹ አላለም። እንዲያውም የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ሰውን ሳያስቀይሙ ስለማረም ናቸው፤ ከማዘዝ ይልቅ ጠይቁ፣ ሰውን በሰው ፊት አታሳፍሩ ይላሉ። ልጅቷን ብቻዋን ስታገኚያት፣ «የዚህኛው ብዛት ከደረሰኙ ጋር አልገጠመልኝም፤ አብረን እንየው?» በያት። ከዚያ ራሷ ታስተካክለው፤ እስክሪብቶውን አትቀበያት።

ቴሌግራሙን በተመለከተ፣ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የሊንከንን ደብዳቤ ታሪክ አንብበሽ ይሆናል። በ1863 እ.ኤ.አ. ከጌቲስበርግ ጦርነት በኋላ ለራሱ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ሚድ በንዴት ጻፈና ሳይልከው ቀረ። አንቺም ካማረሽ ጻፊው፤ ግን ግሩፑ ላይ ሳይሆን ለራስሽ ብቻ በሚታይሽ ቦታ። ጠዋት አንብበሽው ያኔም ልክ ከመሰለሽ፣ በአካል ለእሷ ብቻ ንገሪያት።